«የታተመ አለሽ?»

በየመሥሪያ ቤቱ ሰላምታን በጥያቄ የሚጀምር አንድ ሰው አይጠፋም። አንዱ ስለ ደመወዝ ይጠይቃል፤ ሌላው «መቼ ነው የምታገቢው?» ይላል። ባሕር ዳር በሚገኝ አንድ ኮሌጅ ውስጥ ደግሞ መምህር አምሐ አሉ። የእሳቸው ጥያቄ «የታተመ አለሽ?» ናት። ለቅሶ ቤት ሳይቀር፣ ሟቹ በሕይወት ሳሉ ያሳተሙት ጥናት ካለ ጠይቀዋል እየተባሉ ይታማሉ።

ሳዲያ በዚያው ኮሌጅ የቤተ ሙከራ ረዳት ናት። አባቷ አደም ጣና ዳር ጀልባ ይሠራሉ፤ ወንድሞቿ ዓሣ ያጠምዳሉ። ውጭ አገር ሁለተኛ ዲግሪ ለመማር ልታመለክት መሆኗን የሰሙ ዕለት፣ መምህር አምሐ ሻይ ቤት ድረስ ተከትለዋት መጡ።

«የታተመ አለሽ?»

«የለኝም፣ ጋሼ። ውጤቴ ግን ጥሩ ነው።»

«ውጤትማ ማን የሌለው አለ! የታተመ ጽሑፍ ሳይዙ ማመልከት ያለ ሽማግሌ ሴት ልጅ እንደ መጠየቅ ነው። ማነሽ ይሉሻል!»

ሳዲያ ሻይዋን ሳትጨርስ ወጣች። ከዚያ ወዲያ ማመልከቻውን ትከፍትና «የታተሙ ሥራዎች» የሚለው ባዶ ቦታ ላይ ስትደርስ መልሳ ትዘጋዋለች። አባቷ «የትምህርቱ ነገር ምን ደረሰ?» ሲሏት፣ «ገና ነው» ብላ ታልፋለች።

ደግነቱ መምህር አምሐ ሰው አስደንግጠው የሚሄዱ አይደሉም፤ አስደንግጠው አጠገብ ይቀመጣሉ። «የመመረቂያ ጥናትሽን አምጪ» አሏት። ቀረሶ የሚባለው ዓሣ ሳያድግ በጠባብ መረብ እየተጠመደ መሆኑን፣ ማለዳ ማለዳ በወንድሞቿ ጀልባ ላይ ዓሣ እየለካች ያጠናችው ነው። ሲመልሱላት ወረቀቱ በቀይ እስክሪብቶ ቆሳስሏል። «ይቺ ዐረፍተ ነገር እዚህ ምን ትሠራለች? ዘመድ ልትጠይቅ መጥታ ነው?» የሚል ጽሑፍ ሁሉ ነበረበት። አንድ ቅዳሜ ገበያ ውስጥ አግኝተዋት፣ ሽንኩርት እየመረጠች ሳለ ስለ ሠንጠረዥ አርእስት ማስረዳት ያዙ። ሽንኩርት ሻጯ በመጨረሻ ሰልችቷት፣ «አባባ፣ ወይ ይግዙ ወይ ይለፉ!» አለቻቸው።

በሳምንት ውስጥ ያለ ምንም ጥያቄ የሚያትም መጽሔት አግኝታ ስትነግራቸው ደግሞ፣ «ማንም ያልመረመረው ጽሑፍ ማሳተም ራስን ማሞኘት ነው!» ብለው ተቆጡ። ጽሑፉ ለአንድ ደኅና መጽሔት ተላከ። መልሱ ሳይመጣ የማመልከቻው ጊዜ ደረሰ።

«በቃ፣ ለከርሞ ይሁን» አለች ሳዲያ ተስፋ ቆርጣ።

መምህር አምሐ ቀዩን እስክሪብቶ ኪሳቸው ከተቱ። ይህም በኮሌጁ ያልተለመደ ነገር ነው። ከዚያም፣ «ጽሑፉ በግምገማ ላይ ነው ብለሽ ጻፊና ማመልከቻውን ላኪው» አሏት።

«እርስዎ ያልታተመ አይሆንም ብለውኝ የለ?»

«ብያለሁ። እኔ ምን የማልለው አለ?»

ላከችው። ቃለ መጠይቅ ያደረገችላት ፕሮፌሰር ጽሑፉ ታተመ አልታተመ ብላ አልጠየቀቻትም። የጠየቀቻት፣ አጥማጆቹ ዓሣቸውን እንዴት እሺ ብለው እንዳስለኳትና ውጤቱን ሲሰሙ ምን እንዳሉ ነው። ሳዲያ፣ መረባቸው ጠባብ ነው ስትላቸው ወንድሞቿ እንዴት እንደተቆጡ እየሳቀች አወራችላት። ዩኒቨርሲቲው ተቀበላት።

ብዙም ሳይቆይ መጽሔቱም እሺ አለ። ሳዲያ የመጨረሻውን ቅጂ ስታዘጋጅ፣ ከስሟ ቀጥሎ የመምህር አምሐን ስም ጨመረች። ለረዳት ፕሮፌሰርነት አንዲት የታተመች ጽሑፍ እንደጎደለቻቸው ኮሌጁ ሁሉ ያውቃል። ቅጂውን ስታሳያቸው ግን ቀዩ እስክሪብቶ የገዛ ስማቸው ላይ አረፈ።

«ምነው ጋሼ? ይገባዎታል እኮ!»

«ዓሣ ለካሁ? ጀልባ ላይ ወጣሁ? እኔ ያስተካከልሁት ነጠላ ሰረዝ ነው።»

«ማዕረጉስ?»

«የራሴን ጽፌ አገኘዋለሁ። አንቺ ስለ ጉዞሽ አስቢ።»

ሳዲያ ክርክሩ እንደማያዋጣት ስታውቅ ስማቸውን በመጨረሻው ገጽ፣ ምስጋናው ላይ አሰፈረችው። «እሱንማ ማንም አያነበውም» አሉ፣ እጃቸውን እያወናጨፉ።

ጽሑፉ የወጣ ዕለት ልትነግራቸው ወደ ቢሯቸው ሄደች። ስልካቸውን ወደ ዓይናቸው አስጠግተው ያነባሉ። የተከፈተው የመጨረሻው ገጽ ነበር። ሲያዩዋት ደነገጡ።

«የፊደል ስሕተት ይኖር እንደሆነ ብዬ ነው።»

«ካለ ይንገሩኝ» አለችና፣ አንብበው እስኪጨርሱ በሩን ቀስ አድርጋ ዘጋችላቸው።