በዊልቸር የመጣ ጥያቄ

«መጠየቅ ያደርጋል ሊቅ» ያሉት አባቶቻችን፣ ጥያቄው ከየት እንደሚገኝ ሳይነግሩን ነው ያለፉት። እኛ እንደሆንን መልስ አጥተን አናውቅም። እዚህ ዴንቨር ጥግ፣ ኦሮራ ከተማ ውስጥ አንድ ክርስትና ቤት ገብታችሁ ወገቤን አመመኝ በሉ እስቲ፤ ድፎው ሳይቆረስ አሥር መድኃኒት ይታዘዝላችኋል። ከመቼ ጀምሮ ነው ብሎ የሚጠይቅ ግን አንድ ሰው አይገኝም። እንግዲህ ከዚህ ሕዝብ መካከል ወጥቼ ነው ለዶክትሬቴ የምርምር ጥያቄ አምጣ የተባልኩት።

የምማረው የኅብረተሰብ ጤና ነው፤ የምሠራው ደግሞ ዴንቨር ኤርፖርት፣ ዊልቸር እየገፋሁ። መጀመሪያ «የኢትዮጵያውያን ጤና በአሜሪካ» ብዬ አቀረብኩ። አማካሪዬ ታጋሽ ሴት ናት፤ ይህ ጥያቄ ሳይሆን ክፍለ አህጉር ነው፣ አጥብበው አለችኝ። አጠበብኩላታ! «የኮልፋክስ ጎዳና ታክሲ ነጂዎችን ማክሰኞ ማክሰኞ ወገባቸውን ለምን ያማቸዋል?» ማክሰኞ ምን አደረገህ ብላ መለሰችልኝ። ስምንት ወር እንዲህ ስንባባል ከርመን፣ እስከ ዓርብ ጥያቄህ ካልጸደቀ ከፕሮግራሙ ትሰናበታለህ የሚል ደብዳቤ መጣ። አልዋሽም፣ እንቅልፍ አጣሁ። የአራት ዓመት ልፋት ጥያቄ በማጣት ውኃ ሊበላው!

ሐሙስ ዕለት በፍራንክፈርት በኩል የመጡ አንዲት እናት ደረሱኝ። ከአውሮፕላኑ በር እየገፋሁ ኢሚግሬሽን አደረስኳቸው፣ አስተረጎምኩላቸው፣ ሻንጣቸውን አወጣሁላቸው። መንገዱን ሁሉ ሲመርቁኝ ነበር። ልክ ስንወጣ ልጃቸውን ከሰው መሐል አዩና፣ ከዊልቸሩ ብድግ ብለው ሮጡ! ተአምር ነው ብዬ ላማትብ ስል ተመልሰው ሁለቱን ሻንጣ አንጠለጠሉ።

እማማ፣ ጉልበትዎን አሞዎት አልነበረም እንዴ አልኳቸው። ምን በወጣኝ አሉ፤ እኔ ያቃተኝ እንግሊዝኛው ነው። አስተርጓሚ ስጡኝ ብል ማን ይሰጠኛል? ዊልቸር ካልኩ ግን የሚገፋው አብሮ ይመጣል፤ እግዜር ሲረዳኝ ደግሞ የእኛው ልጅ ይሆናል፣ ይኸው አንተን ሰጠኝ።

ልናደድ ወይስ ልስማቸው? ስንቱን ጤነኛ እግር ስገፋ ኖሬያለሁ! በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል ማለት ይሄ ነው። እዚያው ቆሜ እጄ ላይ በነበረች ወረቀት ጻፍኩ፦ «ቋንቋ የማይችሉ አረጋውያን አስተርጓሚ ለማግኘት ለምን በሽተኛ መሆን አስፈለጋቸው?»

ዓርብ ጠዋት ታሪኩንም ወረቀቱንም ለአማካሪዬ ሰጠኋት። ሁለት ጊዜ አነበበችና፣ ይኸው ጥያቄ ብላ ፈረመችበት። እፎይ! የስምንት ወር ሸክም ከትከሻዬ ሲወርድ ተሰማኝ፤ ባላፍር ኖሮ እዚያው እልል እል ነበር።

አመስግኜ ልወጣ ስል አንዴ ቆይ አለችና በሩን ዘጋች። በሚቀጥለው ወር ለስብሰባ አዲስ አበባ መሄዷ ነው፤ አማርኛ ደግሞ አንድ ቃል አታውቅም። ይህች ቅዳሜ በመጣ ቁጥር ተራራ የምትወጣ ሴት፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ ቦሌ ስደርስ ዊልቸር ብጠይቅ ነውር ይሆንብኛል ወይ አለችኝ።