ዓይናቸውን የሚያሳርፉት ፈታኝ

እያንኮራፋ «አልተኛሁም» የማይል አባት እስካሁን አልተወለደም። ሬዲዮኑን ብታጠፉበት «እያዳመጥኩ ነው» ይላል፤ ጋዜጣው ከደረቱ ተንሸራቶ መሬት ሲወድቅ «አንብቤ ጨርሼዋለሁ» ይላል። የዚህ ወገን አለቃ ግን ክቡር ጡረተኛው የመንጃ ፈቃድ ፈታኝ፣ ከተማው በቅጽል ስም «አባ ጣለው» የሚላቸው ሰው ናቸው። የእሳቸው መልስ አንዲት ናት፤ «ዓይኔን እያሳረፍኩ ነው።»

ስሙ ዝም ብሎ አልወጣላቸውም። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ከተፈታኝ ጎን ተቀምጠው፣ ቀይ እስክሪብቶና ባለ ሃያ ነጥብ ቅጽ ይዘው የከተማውን ግማሽ ጥለዋል። መስተዋት ሳያይ የተነሳውን ጣሉ፤ መስተዋት ላይ የቆየውን ደግሞ «ፊትህን ነው ወይስ መንገዱን የምታየው?» ብለው ጣሉ። የገዛ ልጃቸውን በሦስተኛው እስክታልፍ ሁለት ጊዜ ጥለዋታል፤ ማታ እራት ላይ ስታለቅስ «በድጋሚ ትቀርቢያለሽ» አሏት እንጂ አላባበሏትም። የወደቀውን ሁሉ ደግሞ ከቅጹ ግርጌ ያስፈርሙታል። ሳይፈርም ከመኪናው የወረደ የለም። «ውጤቱን ያልተቀበለ ሰው ጥፋቱን ይዞት ይሄዳል» ይሉ ነበር።

ከዚያ ፓርኪንሰን የሚሉት የነርቭ በሽታ መጣ። መጀመሪያ ቀኝ እጃቸው መንቀጥቀጥ ያዘ፤ ቆይቶ እግራቸው ከወለሉ ጋር የተጣበቀ ይመስል አልነሳ አለ። ክኒን ታዘዘላቸው። ክኒኑን አንማው፤ በዋጡ በሰዓት ውስጥ ደረጃ ይወጣሉ፣ የሸሚዛቸውን ቁልፍ ራሳቸው ይቆልፋሉ። ግን እንቅልፍ ያመጣል፤ ያውም ማዛጋት የሌለው፣ ሳያንኳኳ የሚገባ እንቅልፍ። ማንኪያው አፋቸው ሳይደርስ ይዟቸው ይሄዳል። ልጃቸው «አባዬ» ብላ ስትነካቸው ይቆጣሉ። «ምነው? ዓይኔን እያሳረፍኩ ነው።»

የሚያሳርፉት ወንበራቸው ላይ ብቻ ቢሆን ማን በጠላ። የሰባት ዓመት የልጅ ልጃቸውን በየጠዋቱ በመኪና ትምህርት ቤት የሚያደርሱት እሳቸው ናቸው። እናትየዋ፣ ያቺ የጣሏት ልጃቸው፣ ልብስ ፋብሪካ ውስጥ በስፌት ትሠራለች፤ የጠዋት ፈረቃዋ የሚገባው የትምህርት ቤቱ በር ከመከፈቱ አንድ ሰዓት ቀድሞ ነው። ባል የለም፣ ሌላ የሚያደርስ ሰው የለም።

አባ ጣለው መላ አላጡም። ክኒኑን ልጅቷን አድርሰው ከተመለሱ በኋላ ለመዋጥ ወሰኑ። በማግስቱ እግራቸው ከነዳጅ ወደ ፍሬን አልሻገር ብሎ የጎረቤትን የቆሻሻ በርሜል ገጩ። በርሜሉንም «ያለ ቦታው ቆሟል» ብለው ጣሉት። ከዚያ ወዲያ ክኒኑን ጠዋት መዋጥ ቀጠሉ። ከዋጡ ዓይን ይከዳቸዋል፣ ካልዋጡ እግር፤ መኪናውን መተው የሚባለው ሦስተኛ መንገድ ግን በሐሳባቸው አልዞረም።

ለክትትል የሄዱ ዕለት ሐኪሙ ራሱ ጠየቃቸው።

«ቀን ቀን ድንገት እንቅልፍ ይወስድዎታል? ይህ መድኃኒት መሪ ላይ ሊያስተኛ ይችላል። ከነገሩኝ መጠኑን እናስተካክላለን፣ ወይም ሌላ እንሞክራለን።»

«እኔን? በፍጹም። አልፎ አልፎ ዓይኔን አሳርፋለሁ።»

ሐኪሙ ወደ ልጃቸው ዞረ። «አንቺስ ምን ትያለሽ?»

እሷ ቦርሳዋን አየች። አባትን ሰው ፊት ማዋረድ ነውር ነው፣ ይሉኝታ ይዞኝ ነው ብላ ለራሷ ነገረች። ይሉኝታ ብቻ ግን አልነበረም። ዓይኗ ላይ የመጣባት የጠዋት ፈረቃዋ ነበር።

«ደህና ነው» አለች። «አይተኛም።»

በሦስተኛው ሳምንት ልጅቷ ማታ ደብተሯን እያወጣች፣ «እማዬ፣ ዛሬ አያቴ ቀይ መብራት ላይ ዓይኑን አሳረፈ» አለች።

«ቆማችሁ ሳለ?»

«አዎ። ከዚያ አረንጓዴ ሆነ፣ ከኋላ ሁሉም ጡሩምባ ነፉ። ከዚያ መኪናው ቀስ እያለ ወደ መሀል መንገድ መሄድ ጀመረ። አንድ ሰውዬ ሮጦ መጥቶ መስኮቱን ደበደበው።»

«አንቺስ? ለምን አልቀሰቀስሽውም?»

«ሳሳርፍ አትረብሺኝ ይላል እኮ።»

እናትየዋ ከተቀመጠችበት ተነሳች። የመኪናውን ቁልፍ ከተሰቀለበት ነጥቃ ደረጃውን ወደ መኪናው ወረደች፤ አባቷ ዳግመኛ እንዳይነዱ የመኪናውን ሰነድ ልትደብቅ ነበር። የመኪናውን መሳቢያ ስትከፍት ከሰነዱ ሥር ያ ባለ ሃያ ነጥብ ቅጽ ተቀምጧል። ጽሕፈቱን በሽታው አሳንሶት የጉንዳን ሰልፍ አድርጎታል፤ ቀለሙ ግን ቀይ ነው። የተፈታኝ ስም፦ የእሳቸው። ፍሬን፦ ዘግይቷል። ንቃት፦ ዜሮ። ውጤት፦ ወድቋል። የፈታኝ ፊርማ፦ የእሳቸው። የተፈታኙ ቦታ ባዶ ነው፤ ከጎኑ «ተፈታኙ ለመፈረም ፈቃደኛ አይደለም» ተብሎ ተጽፏል። ቀኑን አየች። ከሐኪሙ የተመለሱበት ዕለት ነው።

ሦስት ሳምንት ሙሉ አውቀዋል። አውቀው ልጇን ከኋላ አስቀምጠው ነድተዋል። በሕይወቷ እንደዚያ ቀን ጠልታቸው አታውቅም። የምትናገረውን ሁሉ በአፏ እያኘከች ደረጃውን መውጣት ጀመረች። መሀል ላይ ስትደርስ ግን ሐኪሙ ፊት «አይተኛም» ያለችው ማን እንደሆነች ትዝ አላትና የደረጃውን መደገፊያ ይዛ ቆመች። የተዘጋጀው ንግግር አለቀባት።

አባ ጣለው ወንበራቸው ላይ አገጫቸው ደረታቸው ላይ ወድቋል። ቅጹንና እስክሪብቶውን ጭናቸው ላይ አስቀመጠች።

«አባዬ፣ ፈርም።»

ዓይናቸውን ገልጠው ቅጹን አዩ። «የማንን ዕቃ ነው የምትበረብሪው?»

«ፈርም። ሳይፈርም የወረደ የለም።»

እስክሪብቶውን ወደ ጎን ገፉት። «እሷንስ ማን ያደርሳታል?» አሉ በመጨረሻ።

«እኔ። የከሰዓት ፈረቃ እጠይቃለሁ፤ ካልሰጡኝም ይቅርብኝ። ነገ ደግሞ ሐኪሙ ጋ እንሄዳለን። እኔም ዋሽቼዋለሁ።»

ቀና ብለው አዩዋት፤ ከዚያ እስክሪብቶውን አነሱ። ፊርማው አራት ደቂቃ ፈጀ። እጃቸውን ልትይዝላቸው ስትል «ተፈታኝ አይታገዝም» አሏት።

በማግስቱ ልጅቷን አድርሰው ወደ ሐኪሙ ሲያመሩ የተቀመጡት እዚያው የድሮ ቦታቸው፣ ከነጂው ጎን ነው። «መስተዋት» አሉ። አየች። «ዘገየሽ፤ አንድ ነጥብ።» ሁለተኛው መታጠፊያ ላይ ድምፃቸው ጠፋ። ቀይ መብራት ሲይዛቸው ዞራ አየቻቸውና ቀበቶው አንገታቸውን እንዳይቆርጠው ዝቅ አደረገችላቸው። እንዴት ትንሽ ሆነዋል። ያ ሁሉ ከተማ የሚፈራው ሰው እጁን ጭኑ ላይ አጥፎ እንደ ተማሪ ተኝቷል፤ ትናንት ጠልታቸው የነበረችው ሴት ደግሞ እንዳይነቁባት ሬዲዮኑን ቀነሰች።

መብራቱ አረንጓዴ ሲሆን ከኋላ ጡሩምባ ተነፋ። አባ ጣለው ደንግጠው ነቁ።

«ምንም አይደለም አባዬ» አለች በልማዷ። «ዓይንህን እያሳረፍክ ነው።»

መንገዱን አዩ፤ እጃቸውን አዩ።

«አይደለም» አሉ። «ተኝቼ ነበር። ንጂ።»