ምጽዋ ምን አስቀረህ?

እኛ ጉለሌዎች ከውሃ ጋር ያለን ዝምድና የታወቀ ነው። እንጠጣዋለን፣ እንታጠብበታለን፣ ሲያመን ደግሞ እንጠመቅበታለን። ከዚህ ውጭ ውሃ ዳር የተገኘን ሰው በደህና አናየውም። "ውሃውን ዝም ብዬ ሳይ ነበር" የሚላችሁ ካጋጠማችሁማ ተጠንቀቁት። እኔም እጠነቀቀው ነበር፤ ሰውየው እኔ ባልሆን ኖሮ።

ዘመኑ ደግሞ ስኳርና ሳሙና በቀበሌ በወረፋ የሚታደሉበት ነበር። ያለ ወረፋ የሚገኘው ጥርጣሬ ብቻ ነው። ሬዲዮናችሁን ዝቅ ብታደርጉ "የማንን ጣቢያ ነው የሚሰማው?" ከፍ ብታደርጉ "ምን ሊሸፍን ነው?" ትባላላችሁ። ጨርሶ ብትዘጉትም ለምን እንደዘጋችሁት የሚጠይቅ አይጠፋም።

በዚያ ጊዜ ነው እንግዲህ የመሥሪያ ቤቴ የማሽን መለዋወጫ ምጽዋ ወደብ ተይዞ "ሂድና አስለቅቅ" የተባልኩት። ከቀበሌ የይለፍ ወረቀት ተጻፈልኝ፤ ያለ እሱ ከከተማ መውጣት አይታሰብም። ሄድኩ፤ ዕቃው ከጠበቅሁት ፈጥኖ ተለቀቀ። ወደ አስመራ የሚመልሰኝ፣ በወታደር የሚታጀበው ኮንቮይ በማግስቱ ይነሳል። እስከዚያው ብዬ ወደ አሮጌው ከተማ፣ ወደ ደሴቲቱ ተሻገርኩ።

ቤቶቹ ከባሕር በወጣ ድንጋይ የተሠሩ ናቸው፤ ቱርኮች ናቸው ያሠሯቸው ይላሉ። የሰገነታቸው እንጨት እንደ ሽሮ ሜዳ ጥለት ተፈልፍሏል። በጥላቸው ሥር ሽማግሌዎች አልጋ አውጥተው ያወጋሉ። ከቤቶቹ ወዲያ ባሕሩ አለ። እኔ ትልቅ ውሃ ብዬ የማውቀው ክረምት ላይ ከእንጦጦ የሚወርደውን ጎርፍ ነው። እሱ ተቆጥቶ ይመጣል፣ ያገኘውን ይዞ ይሄዳል። ይሄኛው የትም አይሄድም። ደስ አለኝ፤ ምን ልበላችሁ፣ በጣም ደስ አለኝ። በማግስቱ ኮንቮዩ ሲነሳ "ሆዴን አሞኛል" ብዬ ቀረሁ። የሚቀጥለው እስኪነሳ ድረስ ድንጋይ ላይ ተቀምጬ ባሕሩን ሳይ ሰነበትኩ። ወንጀሌ ይኸው ነው።

ጉለሌ ስመለስ ፊቴ ጠቁሮ፣ አፍንጫዬ ተልጦ ነበር። የይለፌ ቀን አልፏል። ይባስ ብሎ የሰፈር ጥበቃ ተራዬ ደርሶ ጎረቤቴ በእኔ ፈንታ በብርድ አድሯል። ሰላምታው ሁሉ አጠረ። "በጀልባ ሊያመልጥ ሲል ይዘውት ነው" የሚል ሹክሹክታም ነበር። ወዲያው ከባለቤቴ ከዘነበች ጋር ቀበሌ ተጠራን።

ሊቀመንበሩ ጓድ ወርቅነህ ድሮ ልብስ ሰፊያችን ስለነበር የሰፈሩን ወገብ በሙሉ ያውቃል። ያን ቀን ግን አይቶኝ እንደማያውቅ ሆነ።

"ምጽዋ ምን አስቀረህ?"

"ባሕሩን ሳይ ነበር፣ ጓድ ሊቀመንበር።"

"ዋና ትችላለህ?"

"አልችልም።"

"ታዲያ ምኑን ነው የምታየው?"

"እ... ማለቴ፣ ውሃውን።"

"መርከብ ነበረ?"

"ባሕር አይደል? ነበረ።"

አንገቱን ነቀነቀ። "ጉዳዩን ወደ ከፍተኛ እናስተላልፈዋለን" አለ። ያን ዘመን ላልደረሳችሁበት ልንገራችሁ፤ ከቀበሌ ወደ ከፍተኛ የተላለፈ ጉዳይ ባለቤቱን ይዞ ነው የሚሄደው። ከሰፈራችን እንደዚያ ሄደው የቀሩ ነበሩ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ የእኔ እውነት ግን በተናገርኩት ቁጥር ይደፈርስ ጀመር።

ይሄኔ ዘነበች ነጠላዋን አስተካክላ ተነሳች። ሱሪ ሲሰፋልን "አንተ" የምትለውን ሰው "እርስዎ" አለችው።

"ይሄ ሰው አፍሮ ነው እንጂ ቁርጥማት አለበት። እዚያ የጋለ አሸዋ ውስጥ ተቀብሮ ሲታከም ነው የሰነበተው። ፊቱን አያዩትም? ውጭ የቀረው ራሱ ብቻ ነበር።"

የጓድ ወርቅነህ ፊት በራ። ስብሰባ ላይ ሃይማኖት የለኝም ቢልም፣ እናቱን አዝሎ ጸበል ያመላለሰ ሰው ነው። ሕመም ይገባዋል።

"ታዲያ እንዲህ አትልም? እግርህን ነው ወገብህን?"

"ወገቤን" አልኩ።

"እኔኮ ያኔ ሱሪ ስለካህ ጠርጥሬ ነበር" አለ።

በነፃ ተለቀቅን። ቤታችን ገብተን በሩን እንደዘጋን ላመሰግናት ስል ቀደመችኝ።

"አሁን እውነቱን ንገረኝ። ማናት?"

"ማን?"

"ምጽዋ ያስቀረችህ።"

"ዘነቡ፣ እውነቴን ነው፣ ባሕሩን ነው።"

"ቀበሌ ያላመነውን እኔ ልመን?" ብላ ጀርባዋን ሰጠችኝ። ከቀበሌው ይልቅ ይሄ አመመኝ። ከቤት ስወጣ ደግሞ ሰው እንዳይጠረጥር ወገቤን ይዤ መሄድ ግድ ሆነብኝ። የጥበቃ ጓደኞቼ ወንበር ይለቁልኝ ጀመር፤ ያን ያህል እንኳ አልጠላሁትም።

ዓመት ሳይሞላ መሥሪያ ቤቴ ዳግመኛ ወደ ምጽዋ አዘዘኝ። በደስታ ለዘነበች ነገርኳት። በማግስቱ ከሥራ መልስ ወገቤን ይዤ ቀበሌ ገባሁና፣ ለቁርጥማቴ የሚሆን ትርፍ ቀን በይለፉ ላይ እንዲጨመርልኝ ለመንኩ።

ጓድ ወርቅነህ ከመቀመጫው ተነስቶ ጨበጠኝ። "ትርፍ ቀን ምን ያደርግልሃል? ባለቤትህ ጠዋት መጥታ ቁርጥማቱ ፈጽሞ እንደለቀቀህ ነግራናለች" አለና፣ ግራ ቀኙን አይቶ ድምፁን ዝቅ አደረገ፤ "እንኳን እግዜር ማረህ።"

ምን ይባላል? አሜን አልኩ።