ባትሪውን ጢም አድርጌ ከጓሳ ስወርድ

ዛሬ የሆንኩትን ነገ ከመሐል ሜዳ ገበያተኛ ከምትሰሙት፣ ከራሴ አፍ ብትሰሙት ይሻላል!

እንደምታውቁኝ ዕድሜዬን በሙሉ የራሊ ሹፌር ነኝ። ቤንዚን፣ ጭስ፣ ጆሮ የሚያደነቁር ሞተር። ዘንድሮ ስፖንሰሮቹ ወጣት ፈለጉ። አንድ የኤሌክትሪክ መኪና ውድድር ቡድን “መጥተህ ሞክር” ሲለኝ ዓይኔን አላሸሁም።

ዛሬ ሙከራው ነበር። ከጓሳ ተራራ አናት ወደ መሐል ሜዳ ከተማ፣ ቁልቁል።

የቡድኑ ኢንጂነር ሰናይት ትናንት አስጠንቅቃኝ ነበር። በዚች መኪና እግርህን ከፔዳሉ ስታነሳ ሞተሩ ራሱ ይይዝሃል፣ ጉልበቱንም ወደ ባትሪው ይመልሳል። ባትሪው ጢም ካለ ግን መመለሻ ቦታ ስለሌለው አይይዝህም። ስለዚህ ሙሉ እንዳትሞላው አለችኝ።

እኔ ደግሞ ታንኩን ሳይሞላ መንገድ የሚወጣ ሹፌር አላውቅም ብዬ ሞላሁት።

በቃ፣ የሰው ልጅ እንዲህ ነው የሚሞተው።

ጠዋት ጉም ነበር። ሰናይት ጎኔ ተቀምጣለች። የመጀመሪያው ኩርባ ላይ እግሬን አነሳሁ።

መኪናዋ አልሰማችኝም።

ማርሽ ልቀንስ ቀኝ እጄን ሰደድኩ። ማርሽ የለም! የያዝኩት የሰናይትን ጉልበት ነው። እሷ ግን ልብም አላለችው፤ ዓይኗ ገደሉ ላይ ነበር።

ፍሬን ረገጥኩ። ያዘልኝ። ደግሜ ረገጥኩ፤ የሚቃጠል ነገር ሸተተኝ። ለሦስተኛ ጊዜ ስረግጠው ፔዳሉ እንደ ጭቃ ሰመጠ።

በሕይወቴ ስንቴ ተገልብጫለሁ። እንደዛሬ ግን ፈርቼ አላውቅም። ድሮ ስፈራ ሞተሩ ስለሚጮህ የራሴን ልብ አልሰማውም ነበር። ዛሬ ጸጥ ብሏል። ልቤን ሰማሁት። የሰናይትንም “በስመ አብ” ሰማሁ።

ከዚያ ጉሙ ገለጥ ሲል፣ መሃል መንገድ ላይ ባልና ሚስት፤ በግ እየነዱ ገበያ የሚወርዱ ሽማግሌዎች። ጀርባቸውን ሰጥተውኛል። አይሰሙኝማ! ምን ይሰማሉ?

ክላክሱ እንደ ጫጩት ጢው አለ። መስኮቱን አውርጄ ጮህኩ። ምን ብዬ እንደጮህኩ አላውቅም፤ ሰናይት “እማዬ ነው ያልከው” ትላለች።

እማማ ዞር አሉ። ዓይናቸውን አየሁት። መሪውን ወደ ተራራው በኩል ጠመዘዝኩት፤ የመንገዱ ቦይ ውስጥ ገባን፣ ጭቃው ያዘን፣ ቆምን።

ማንም አልተነካም። በጎቹም ቢሆኑ።

በሩን ከፈትኩ። ሽማግሌው በርኖሳቸውን ሰብስበው መጡና ጎንበስ ብለው አዩኝ።

“ልጄ፣ ሞተሩ ጠፍቶብህ ነው?”

“አይ አባቴ፣ ይሠራል።”

“እንግዲያ ስትመጣ በምን እንወቅህ?”

“ጥፋቱ የኔ ነው” አልኩ። ሰበብ የማያልቅብኝ እኔ!

እማማ ከድንጋጤያቸው መንገዱ ላይ ቁጭ ብለው ነበር። ይቅርታ ልል ወርጄ አጠገባቸው ተንበረከክሁ። እሳቸው እቴ፣ ራሴን እየደባበሱ “አንተ ደህና ነህ ወይ?” አሉኝ። በቃ፣ እንባዬ መጣ። የቡድኑ መኪና ከኋላ ሲደርስ፣ የስንት ራሊ ዋንጫ ባለቤት የሆነውን ሰው የማያውቃቸው እናት ጭን ላይ ተደፍቶ ሲነፋረቅ አገኘው።

ፎቶ አንስተዋል። አዎ።

የቡድኑ አለቃ አላባረረኝም። ነገ ሰናይት ትነዳለች፣ አንተ ጎኗ ተቀምጠህ ትማራለህ አለኝ። እሺ አልኩ።

ሰናይትን ስትነጂ የሚያስፈራሽ ምንድነው ብዬ ጠየቅኋት። “አንተ” አለችኝ።

አሁን አልጋዬ ላይ ሆኜ ስጽፍላችሁ ቀኝ እግሬ ብቻውን ፍሬን ይረግጣል። እስኪ ንገሩኝ፣ በዚህ ዕድሜ ከተሳፋሪ ወንበር መንዳት የጀመረ ሰው ታውቃላችሁ?