ጂንሲያ ለሰማይ እንግዳ

ሥራ የፈታ ሰው የማይዳኘው ጉዳይ የለም። ካላመናችሁ እኛን ተመልከቱ። ካርቱም፣ ሳጃና ሰፈር የከተምን የቀን ሠራተኞች ነን፤ የብዙዎቻችን ኢቃማ፣ የመኖሪያ ፈቃዱ፣ ጊዜው ካለፈ ቆይቷል፤ ፖሊስ ስናይ ግድግዳ ታክከን ነው የምናልፈው። እንግዲህ እኛው አንድ ዓርብ ከሰዓት ቁጭ ብለን የማንን የዜግነት ጉዳይ ስንፈታ ዋልን መሰላችሁ? ከሌላ ዓለም የሚመጣ ፍጡር። ሳቁ ግድ የለም፤ እኔንም ያስቀኛል።

ነገሩን ያመጣው ስልኬ ነው። ከሰማይ ስለሚወርዱ ፍጡሮች የሚያወራ ቪዲዮ አየሁና፣ አፌ መቼ ያርፋል፣ "እንበልና አንዷ ኦምዱርማን ላይ አርፋ ብትወልድ፣ ልጇ የማን ዜጋ ነው?" አልኩ።

አብሮኝ ቤት የሚቀባው ሰይድ "እዚህ ከተወለደማ የዚህ ነዋ" አለ።

የተከራየንበት ግቢ፣ የሆሹ፣ ባለቤት ሀጅ ኡስማን፣ በደህናው ዘመን የፍርድ ቤት ጸሐፊ የነበሩ ሱዳናዊ ናቸው፤ የሻይ ብርጭቋቸውን አስቀመጡና በአረብኛቸው ፈረዱ። "መሬት ጂንሲያ፣ ዜግነት፣ አይሰጥም። ወላጅ ነው የሚሰጠው። እናቱ እንግዳ ከሆነች እሱም እንግዳ ነው። ተጥሎ ከተገኘና ወላጆቹ ካልታወቁ ግን የእኛ ነው፤ ሱዳናዊ ይባላል።"

"እንግዲያው ጥላው ትብረራ" አልኩ። ሆሹ በሳቅ ሞላ።

ያልሳቀችው ዘይነባ ብቻ ነበረች። ዘይነባ የወሎ ልጅ ናት፤ እዚሁ ሆሽ ክፍል ተከራይታ ትኖራለች፤ ሰው ቤት ትሠራለች፤ ያኔ ወሯ ገብቶ ነበር። ባሏ በሊቢያ አድርጎ ባሕር ሊሻገር ወጥቶ ድምፁ ከጠፋ ሰንብቷል። ልብሷን ከገመድ እያወረደች "ተጥሎ ከተገኘ ነው ያሉት?" አለቻቸው።

"አዎ ልጄ፣ ሕጉ እንደዚያ ነው" አሏት። እኛም ወደ ሳቃችን ተመለስን።

ብዙም ሳይቆይ ዘይነባ ሴት ልጅ ተገላገለች። የሀጅ ባለቤት ሀጃ ሱአድ እንደ እናት አረሷት። በሰባተኛው ቀን ስም ይወጣል፤ በዚህ ወሎና ካርቱም አይጣሉም። ሀጃ በግ አሳርደው ጎረቤቱን ሁሉ ጠሩ። ሰዉ መጣ፤ ዘይነባ ግን የለችም። ሕፃኗም የለችም። ያቺ የገመዱ ሥር ጥያቄዋ ያን ጊዜ ነው ትዝ ያለችኝ። የሚጣል ሕፃን መስጊድ በር ላይ ነውና የሚተወው፣ ከሰይድ ጋር ወደ ሰፈሩ መስጊድ ሮጥን።

በሩ ጥላ ሥር ሕፃኗን ታቅፋ ተቀምጣለች። ፊቷ በእንባ ርሷል።

"አስቀምጫት ሄጄ ነበር" አለች። "እኔን አጥታ አገር ብታገኝ ይሻላታል ብዬ። ስታለቅስ ጡቴ ፈሰሰ፤ ተመለስኩ።"

እኔ፣ የማላውቀው ነገር የሌለው ሰውዬ፣ ከትከሻዋ የወደቀውን ነጠላ አነሳሁላት። ሰይድ ነው "ያላ፣ እንግዶቹ እየጠበቁ ነው" ብሎ ያስነሳት።

ሆሹ ስንደርስ የት ነበርሽ ያላት ሰው የለም። ሀጃ ብቻ ዓይኗን አይተው ግንባሯን ሳሟት። ሀጅ ኡስማን ሕፃኗን ተቀበሉ፤ ጆሮዋ ላይ አጎንብሰው ስሟን ነገሯት። ከዚያ ቀና ብለው፣ ጎረቤቱ ሁሉ እንዲሰማ፣ "ራህማ ትባላለች፤ የዚህ ቤት ልጅ ናት" አሉ። የዚያን ዕለት ስለ ሕግ አንዲት ቃል አልወጣቸውም።

ሥጋው ቀርቦ ሁሉም ሲረጋጋ፣ ሰይድ ዝም ማለት አይሆንለትምና "የሰማይዋ ወላድ ነገር ግን ሳይቋጭ ቀረ" አለ። በዓይኔ ገሠጽኩት። ዘይነባ ልጇን እያጠባች ነበር፤ ቀስ ብላ ቀና አለች።

"ስትመጣ እኔ ጋ ላኳት" አለች። "ክፍሌ አይጠበንም። እስክትደርስ ልጇን እንዳትጥል ግን አደራ በሏት።"