ሊቀ ቀንስ አያ ያየህና የርብ ገመድ

ገበያ ሲፈጠር ሁለት ዓይነት ሰው አብሮ ተፈጠረ፤ ዋጋ የሚጠራና የተጠራውን የማያምን። ሁለተኛው ባይኖር ኖሮ የመጀመሪያው ዓለምን በጠራው ዋጋ ይሸጣት ነበር። ይህ ሁለተኛው ሰው የሌለበት ገበያ የለም። ወረታ ላይ ስማቸው አያ ያየህ ነው፤ አገሬው ግን ያለ ንጉሥ አዋጅ፣ ያለ ጳጳስ ቡራኬ «ሊቀ ቀንስ» ብሎ ሾሟቸዋል።

ሃይማኖታቸው አጭር ናት፦ «አፍ የጠራው ዋጋ ግማሹ ውሸት ነው።» ሸክላ ሠሪዋ ስንዱ ከሩቅ ስታያቸው እንስራዋን በነጠላ ትሸፍናለች። የንስሐ አባታቸው አርባ ስግደት ቢያዝዟቸው «ይቀንሱ እንጂ አባ፤ ኃጢአቱ እኮ ያረጀ ነው» ብለው በሃያ አምስት ተስማምተዋል። ሚስታቸው እማዋይሽማ ምኑን ትናገር! በሽምግልናው ቀን ከጓዳ ሆና ጆሮዋን ስትጥል፣ ይህ ሊያገባት የመጣ ጎረምሳ ከተጠየቀው ማጫ ላይ አንድ ጊደር አስቀንሷል። ዛሬም ሲጣሉ «እኔ እኮ ጊደር የጎደለኝ ነኝ!» ትላቸዋለች።

በሃምሳ ሰባት ዓመተ ምሕረት ምርጫ መጣ። ወረታ እንደ ጥምቀት ሰሞን ተናወጠች። ፊደል ላልቆጠረው እንዲመች እያንዳንዱ ዕጩ የራሱ ሥዕል ነበረው፤ አንዱ ማረሻ፣ አንዱ ርግብ፣ አንዱ ጃንጥላ። ሰው «እንዴት አደርክ?» ማለቱን ትቶ «ማረሻ ነህ ጃንጥላ?» ይባባል ጀመር።

እማዋይሽ ግን ልቧ ከርብ ወንዝ ማዶ ነበር። ልጇ እናትነሽ እዚያ ተድራ የመጀመሪያዋን አርግዛለች፤ የመጀመሪያ ልጅ ደግሞ የሚወለደው እናት ቤት ነው። ወሯ የሚገባው ሐምሌ ላይ ነው፤ በሐምሌ የፎገራ ሜዳ ሜዳነቱን ትቶ ባሕር ይሆናል። አምና ታችኛው መሻገሪያ ላይ ደራሽ ጎርፍ አንዲት እርጉዝ ከነታንኳዋ ወስዷል።

በገበያው ቀን ዋርካው ሥር አንድ ሹም ተነሡና «አገራችን የውጭ ብድር አለባት፤ ዘንድሮ ሁላችንም ወገባችንን ማጥበቅ አለብን» አሉ። እሳቸው ሳይቀመጡ ባለጃንጥላው ዕጩ አቶ ተክለ ማርያም ብድግ አሉ፤ ከጎንደር የመጡ፣ በግንቦት ሙቀት ካፖርት የደረቡ ሰው።

«እኔን ብትመርጡ በርብ ላይ ሁለት ድልድይ! ሐኪም ቤት! ትምህርት ቤት!»

ጭብጨባው ሳይበርድ ከኋላ ያ የታወቀ ድምፅ መጣ፦

«ይቀንሱ ጌታዬ!»

ገበያው በሳቅ ፈነዳ።

«ምኑን ነው የምቀንሰው?» አሉ ዕጩው።

«ድልድዩን ነዋ! ሹሙ አገር ዕዳ አለባት አሉን፤ እርስዎ ሁለት ድልድይ ይሉናል። በሬው አንካሳ ነው ተብሎ ዋጋ ሲጨመር የት አይተዋል?»

«እሺ፣ አንድ ድልድይ።»

«ይቀንሱ!»

«የእንጨት ድልድይ!»

«እንጨቱን ርብ ይወስደዋል። ይቀንሱ!»

«ያዛቸው አያ ያየህ! እንዳትለቅ!» ይላል ሕዝቡ። እማዋይሽ ግን እጇን አፏ ላይ ጫነች። ሰውዬው ለልጇ የመጣውን ድልድይ ዓይኗ እያየ ከርክሞ ከርክሞ ሊጨርሰው ነው!

ሰው ትልቅ ተስፋ ሲሰጡት ያጨበጭባል፤ ትንሽ ተስፋ ሲሰጡት ግን መቼ ብሎ ይጠይቃል። አያ ያየህ ይህን የተማሩት ከከብት ተራ ነው። ዱላቸውን ተመርኩዘው ወደ ፊት ቀረቡ።

«አንድ የብረት ገመድ። ከዳር እስከ ዳር የሚወጠር፣ ታንኳ የሚያዝበት። ከመንግሥት ሣጥን ሳይሆን ከራስዎ ኪስ። ርብ ሳይሞላ።»

ዕጩው ላባቸውን ጠረጉ። «እሺ፤ ገመድ!»

«እንግዲያው ዋስ ይጥሩ!»

ላምም ሲሸጥ ዋስ ይጠራል፤ ግን ለምርጫ ቃል ማን ዋስ ይገባል? ዕጩው ወደ ሹሙ ዞሩ፤ ሹሙ ጫማቸውን ያዩ ጀመር። ዋስ ከጠፋ ውሉ ፈረሰ፤ ገመዱም ቀረ።

«ዋሱ እኔ ነኝ!»

እማዋይሽ ተናጋሪዋ ራሷ መሆኗን ያወቀችው ሰው ሁሉ ወደ እሷ ሲዞር ነው።

«ደሞ ሴት ዋስ ትሆናለች?» አለ አንዱ።

«ለመምረጥ የበቃሁ ለዋስነት አነስኩ?» ወደ ባሏ ዞረች። «አንተስ ምን ታፈጣለህ? በል፣ ይኸንንም ቀንስ!»

ሊቀ ቀንስ በልባቸው ከብቶቻቸውን ቆጠሩ። ሚስት ዋስ ስትገባ፣ ከፋዩ የባል በረት ነው።

ምርጫው ደረሰ፤ ፎገራ ጃንጥላ መረጠ። አቶ ተክለ ማርያም በጭፈራ ተሸኝተው አዲስ አበባ ሄዱ። ሐምሌ ገባ፤ ገመዱ ግን አልገባም።

እማዋይሽ ባሏን ቀና ብላ ማየት አቃታት። ሰማዩ በጣራ ገዳም ተራራ በኩል በጠቆረበት ጠዋት አያ ያየህ ዳልቻውን በሬ ፈትተው ወጡ፤ ተከተለቻቸው። ገበያ ደርሰው ገዢው በመጀመሪያ አፉ በጠራው ሸጡት። ከዚያ ብረታ ብረት ነጋዴው ጎበዜ ዘንድ ሄዱ፤ ጣልያን ጥሎት የሄደ የብረት ገመድ ነበረው። ጎበዜ ደንበኛውን ያውቃልና ዋጋውን እጥፍ አድርጎ ጠራ። አያ ያየህ ወደ ሰማዩ አንጋጠጡ፤ ከዚያ ብሩን አውጥተው አስቀመጡለት።

ጎበዜ ደነገጠ። «አያ ያየህ፣ አሞዎታል እንዴ?»

«ዝም በልና አሸክመኝ!»

ለሰፈሩ «በግማሽ ዋጋ አስወረድኩት!» ብለው ፎከሩ። እማዋይሽ አጠገባቸው ቆማ ነበር፤ አላጋለጠቻቸውም።

እናትነሽ በገመዱ በተያዘ ታንኳ የሞላውን ርብ ተሻገረች፤ ሳምንት ሳይሞላት እናቷ ቤት ሴት ልጅ ወለደች። ባገሩ ልማድ ለወንድ ሰባት፣ ለሴት ሦስት እልል ይባላል። ሴቶቹ ሦስቱን እልልታ ጨርሰው ዝም ሲሉ፣ ከደጅ፣ ከዝናቡ መሐል፣ ሊቀ ቀንስ በዕድሜያቸው ከአፋቸው ወጥቶ የማያውቀውን ቃል ጮኹ፦

«ጨምሩ!»