ጉንጬ ውስጥ የገባው በሬ

ሰሞኑን የልጅ ልጄ ጉንጯን ልታስሞላ አዲስ አበባ ሄደች። የብጉር ጠባሳ የጎደጎደውን ፊት በመርፌ የሚሞላ ሐኪም አለ አሉ። ቤተሰቡ እንደ ጉድ ሲያወራው እኔ ለብቻዬ ሳቅሁ። አዲስ ነገር መሰላቸው እኮ! እኔ ይህን ነገር በደርግ ዘመን ያደረግሁት ሰው ነኝ። ያውም ከመቱ ተነስቼ። ያውም በዐቢይ ጾም። መዘዙም የመጣው በጾሙ ነውና እስቲ ላጫውታችሁ።

ያን ጊዜ መቱ ገበያው አጠገብ ጨርቅ እሸጥ ነበር። በጉርምስናዬ ብጉር መከራዬን አብልቶኝ፣ ሲሄድ ጉድጓዱን ትቶልኝ ሄዷል። በሁለቱም ጉንጮቼ። ታዲያ ማን ግድ ሰጠው? ገበያተኛው የሚያየው ጨርቄን እንጂ ፊቴን አይደለም።

ነገር የመጣው ጫልቱን ስወድ ነው። ጫልቱ ከመቱ አጠገብ ያለችው የሁሩሙ ከተማ ልጅ ናት። እናቷ እትዬ ድንቅነሽ ቅዳሜ ቅዳሜ መቱ ገበያ ወርደው ማር ይሸጣሉ። ሽማግሌ ላክሁ። እትዬ ድንቅነሽ ዘሬን ጠየቁ፣ ወደዱ። ሱቄን ጠየቁ፣ ወደዱ። ፊቴ ላይ ሲደርሱ ግን ቆም አሉ። ልጁስ መልካም ነው፣ ግን በክረምት ጉንጩ ላይ ውኃ አይቋጥርም ወይ ብለው ጠየቁ። እንግዲህ ኢሉባቦር ዝናብ መቼ አባርቶ ያውቃል? ለእኔ ሊለምኑ የሄዱት ሽማግሌዎች ናቸው ሆዳቸውን ይዘው የሳቁት! ከፋሲካ በኋላ ሠርጉ ይሁን ተባለ፣ እሺ። እኔን ግን ያቺ የውኃ ነገር ውስጤ ገብታ ቀረች። በጣም ነው ያፈርኩት፣ ምን እደብቃችኋለሁ።

ዕቃ ላመጣ አዲስ አበባ ስሄድ የማርፈው የአክስቴ ልጅ ቤት ነው። ነርስ ናት። ችግሬን ስነግራት፣ ከውጭ አገር ለጥቂት ወራት የመጣ የቆዳ ሐኪም ጋ ወሰደችኝ። ሰውየው መጀመሪያ ክንዴን ትንሽ ወጋኝና ሰውነትህ ካልተቆጣ ተመለስ አለኝ። አልተቆጣም። በጾሙ አጋማሽ ተመለስሁ። በየጉድጓዱ ሥር ቀጭን መርፌ እያስገባ ነጭ ነገር ይጨምርበት ጀመር። ያማል? እንዴታ! ዕንባዬ እየወረደ ጫልቱን አስባለሁ። መድኃኒቱ ከከብት ቆዳ ተጣርቶ የተሠራ ነው አለኝ። ከጥቂት ወራት በኋላ ሰውነትህ ቀስ እያለ ይበላዋል ብሎም አስጠነቀቀኝ። እኔ መስታወቱን አያለሁ። ጎበዝ፣ ፊቴ ሜዳ ሆኗል!

መቱ ስገባ ከአውቶቡሱ የወረድኩት ደረቴን ነፍቼ ነው። እዚያው ዝም ብል ምን ነበረበት? አልችልም። ሱቄን ሳልከፍት የጎረቤቴን የጋሼ ኸይሩን ሱቅ አንኳኳሁ። ጋሼ ኸይሩ ስልጤ ናቸው፣ ሙስሊም፣ ቀልድ የሚያውቁ ሰው። ጉንጬን አገላብጠው አዩና ምን ነገር ቢያደርጉብህ ነው አሉኝ። የከብት ቆዳ ነው አልኳቸው።

«ማን አረደው?» አሉኝ።

አያችሁ፣ በእኛ አገር ይህ ትልቅ ጥያቄ ነው። ከጋሼ ኸይሩ ጋር ሁሉንም እንካፈላለን፣ ሥጋ ሲሆን ግን እሳቸው የእስላሙን እኔ የክርስቲያኑን ነው የምንበላው። የእኛ ሰው ካረደው ግማሽ ፊትህ የእኛ ነው አሉና ሱቃቸው እስኪነቃነቅ ሳቁ። ከሰዓት በኋላ ወሬው ከተማውን አዳረሰ። የቀበሌያችን ሊቀ መንበር ሳይቀር በራፌ ላይ ቆመው፣ ጓድ፣ በሬው የመጣው ከወዳጅ አገር ነው ወይስ ከኢምፔሪያሊስት አገር አሉኝ። ምኑን አውቄው!

ቅዳሜ እትዬ ድንቅነሽ መጡ። ማራቸውን እንኳ አላወረዱም።

«ማል ጄታ?» አሉኝ። ምን ትላለህ ማለታቸው ነው። «በጾም ሥጋ?»

«እትዬ፣ ተወጋሁት እንጂ አልበላሁትም።»

«ታዲያ የት አለ?»

«ጉንጬ ውስጥ።»

«ከአፍህ ምን ያህል ይርቃል?»

እኔ ቂሉ ደግሞ ያጽናናኋቸው መስሎኝ፣ አይስጉ፣ ሐኪሙ ከጥቂት ወራት በኋላ ሰውነትህ ይበላዋል ብሎኛል አልኳቸው። እትዬ ድንቅነሽ ሁለት እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑና አምላካቸውን ጠሩ።

«ያ ዋቅ! አሁንም እየበላ ነው! እያወራኝ እየበላ ነው!»

ሠርጉ ፈረሰ። ማን እንዳረደው የማይታወቅ በሬ በጾም ለሚበላ ልጄን አልሰጥም ብለው ሄዱ። የሠራሁትን አያችሁልኝ? ለእሳቸው ብዬ የሞላሁት ፊት ከጫልቱ ለየኝ። ያን ሰሞን ጨርቅ ስለካ ክንድና ስንዝር ይምታታብኝ ነበር።

ያዳነችኝ ጫልቱ ናት። ነገሩ የጾም ከሆነ ጹምላቸዋ፣ ምን ያስጨንቅሃል ብላ ላከችብኝ። የንስሐ አባቴን መምሬ ተክሌን ይዤ ሁሩሙ ሄድሁ። መምሬ ጉንጬን በአውራ ጣታቸው ጫን ጫን አደረጉ፣ ፈረዱ። በመርፌ የገባው በጾም ይውጣ። ፊቱ ወደ ቦታው ሲመለስ ይጋቡ። እትዬ ድንቅነሽ «ቶሌ» አሉ፣ እሺ ማለታቸው ነው።

ከዚያማ ምን ልበላችሁ! የቀረውን ዐቢይ ጾም ጨረስሁ። በዓለ ሃምሳ እንዳለፈ የሰኔን ጾም ያዝሁ። እሱን በሰፈራችን የሚጾሙት ቄሶቹና እኔ ብቻ ነበርን። ከዚያ ፍልሰታ። ቅዳሜ ሲመጣ እትዬ ድንቅነሽ የማር እጃቸውን ታጥበው፣ ጨርቅ እንደሚመርጥ ሰው ጉንጬን በሁለት ጣት ያሻሉ። ገና ነው ይሉና ይሄዳሉ። ሐምሌ ላይ በአንዱ ቅዳሜ እጃቸው ግራ ጉንጬ ላይ ቆመ።

«መጣ! አንዱ መጣ!»

እልልታቸውን አቀለጡት። ገበያተኛው ሱቄን ሞላው። ጉድጓዴን ሊያዩ ነው እኮ! ሐኪሙ ብሎኛል፣ ጊዜው ደርሶ ነው እላለሁ፣ ማን ይሰማኛል? በየሳምንቱ አንድ አንድ ሲመለስ ከተማው ይቆጥርልኛል። ጋሼ ኸይሩ ጠዋት ሱቃቸውን ሲከፍቱ፣ በቀኝ በኩል በሬው አሁንም ተኝቷል ወይ ይሉኛል። እውነትም በቀኝ በኩል፣ ከዓይኔ ሥር፣ አንድ እንቢተኛ ነበር። ፍልሰታ አለቀ፣ እሱ አለ። የመስቀል ደመራ ተደመረ፣ እሱ አለ። እኔም መስታወት ፊት ቆሜ ጉንጬ እንዲጎደጉድ ስዕለት ተሳልሁ። ይህን የተሳለ ሰው ታውቃላችሁ?

ጥቅምት ሲገባ ሰመረ። እትዬ ድንቅነሽ ጣታቸውን ጉድጓዱ ውስጥ ከተው፣ በደንብ አዙረው፣ ከዚያ ጉንጬን ሳሙት። ያንኑ ውኃ ይቋጥራል ያሉትን ጉንጭ! ጫልቱ ከኋላቸው ቆማ ትስቃለች። እኔ ደስታዬ ጣራ ነካ። ቆንጆውን ፊት ይዤ የተከለከልኳትን ልጅ፣ ጉድጓዴን አሟልቼ ወሰድኳት።

ሠርጉ ላይ ሁለት በሬ ታረደ፣ አንዱ ለእኛ፣ አንዱ ለጋሼ ኸይሩና ለወገኖቻቸው። ጋሼ ኸይሩ ከዳሱ ማዶ ሆነው፣ የዛሬዎቹስ አራጃቸው ይታወቃል ብለው ጮኹብኝ። አማቴ እስኪሞቱ ድረስ ሁሩሙ ውስጥ የሚያወሩት አንድ ወሬ ነበር። የእኔ አማች ጾሞ ከፊቱ በሬ ያስወጣ ሰው ነው ይላሉ። ስለ ሐኪሙ ላስረዳ ስሞክር፣ ትሕትናው ደግሞ ይላሉ።

የልጅ ልጄ አሁን የሚወጋው ከከብት የተሠራ አይደለም ትለኛለች። ይሁንላት። እኔስ ድጋሚ አላስወጋሁም። ጫልቱ ግን፣ ሠርጉ አልፎ እናቷ ወደ ሁሩሙ የተመለሱ ዕለት፣ ጉንጬን በመዳፏ ዳሰስ አድርጋ እንዲህ አለችኝ፦

«ለስላሳውንም ወድጄው ነበር። ሐኪሙ ካለ ለፋሲካ ሄደህ አስሞላው፤ ጾም ሲገባ እማዬ ታስወጣዋለች።»